ለጨቅላዋ የተደረደረ ቀረርቶ

ዛሬ ረፋድ ደባርቅ ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ፣ የተኛንበት የሆስፒታል ክፍል መስታወት በጥይት ረገፈ።

ያለ ጊዜዋ የተወለደችው ልጄ ሙቀት እንድታገኝ በባለቤቴ ራቁት ደረት ላይ ነበረች። እንደታቀፋት ወለሉ ላይ በጀርባው ተጋደመ።

ነርሷ ሰሞኑን «ድምፅዎን እንድትለምደው ያንጎራጉሩላት» ብላው ነበር። የኔ ጃናሞሬ ባል ደግሞ ከቀረርቶ ሌላ አያውቅም። «ይህን ያህል ሰው ገደልኩ ተብሎ የሚፎከርበት ዜማ ለጨቅላ ይባላል?» ብዬ ከለከልኩት።

ዛሬ ግን የልጄ ትንፋሽ ተቋረጠ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ነርሷ እንድትተነፍስ የሕፃኗን እግር እያሸች ትጠራታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ በል አቅራራላት» አልኩት።

በሹክሹክታ አቅራራ። ልጄ ተነፈሰች።

ውጭ ሰው ይገዳደላል፤ እሱ በዜማ ብቻ እየገደለ አስተኛት።

እናንተን አባታችሁ ምን እያለ ነበር የሚያስተኛችሁ? ቶሎ ጻፉልኝ፣ እኔ ልቀጥልላት። የባለቤቴ ድምፅ ሊዘጋ ነው፣ ተኩሱ ግን አልቆመም።