ድግጣ ፍለጋ ከጎሮ ወዲያ

ጠዋት፣ ከኦሎምፒያ

ሐሙስ ማለዳ አካፋና የላስቲክ ከረጢት ይዤ ከኦሎምፒያ ተነሣሁ። የምፈልገው ድግጣ ነው። ይህ ቢጫ አበባ ያለው የዱር ቁጥቋጦ ሥሩ ላይ ምስር የምታክል እባጭ ያወጣል፤ እባጯ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ተክሉን ይመግባሉ። እኔም እነሱን አጠናለሁ። ኢምፔሪያል ላይ ታክሲ ስቀይር ረዳቱ አካፋዬን አይቶ «እሷም ቦታ ይዛለች፣ ትከፍላለች» አለኝ። ገርጂን አልፈን ጎሮ ስንደርስ የኮንዶሚኒየም ጅምር በየአቅጣጫው ቆሟል፤ የሲሚንቶ መኪኖቹ አቧራ ዓይን አያስገልጥም። አስፋልቱ ካለቀበት በእግሬ ቀጠልኩ።

ረፋድ፣ መንገድ ዳር

ጋቢ የለበሱ አዛውንት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኦቦ ደበላ ይባላሉ። አካፋዬንና ከረጢቴን ሲያዩ ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ከንጋት ጀምሮ ሲጠብቁኝ እንደነበር ነገሩኝ። በዚያ ሰሞን ወደዚያ ሰፈር ዕቃ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ወይ ደላላ ነው፣ ወይ ለካሳ መሬት የሚለካ። እኔን ለኪ አድርገውኛል፤ ወዲያው ገባኝ። አፌን ልከፍት ስል ግን ወሰናቸው ታች ወንዙ ዳር ያለው የድግጣ አጥር መሆኑን ጠቆሙኝ። መጀመሪያ ድግጣውን ልይ፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተከተልኳቸው።

መጀመሪያ ቤታቸው አስገቡኝ፤ ሚስታቸው ለቅሶ ሄደው ስለነበር እርጎ ራሳቸው ቀዱልኝ። ጥሩ እርጎ ነበር፤ ደገምኩ። ወንዙ ዳር ስቆፍር አጠገቤ ቆመው ባሕር ዛፉን፣ የጤፍ ማሳውን፣ ሁሉንም እያሳዩ አንዱም እንዳይዘለልባቸው ለመኑኝ። እኔ አንገቴን እየነቀነቅሁ ሥር አጥባለሁ። ከላይ ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ደጋግሞ ተሰማ፤ ሁለታችንም ልብ አላልነውም።

ቀትር

ስንወጣ ጎረቤታቸው እየሮጠ መጣ። ለኪዎቹ መጥተው ነበር። የኦቦ ደበላን ስም ጠርተው፣ ባለቤቱ የለም ብለው ወደ ማዶ መንደር አልፈዋል። መቼ እንደሚመለሱ አልተናገሩም። ኦቦ ደበላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?»

የቁጥቋጦ ሥር የማጠና አስተማሪ መሆኔን ተናገርኩ። መኪናዋን ልደርስባት ሮጥኩ፤ አቧራዋ እንኳ ረግቷል። ስመለስ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ አወቅህ?» አሉኝ።

«ገና ሲጨብጡኝ።»

ተመልሰው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ምድር ብትውጠኝ በወደድሁ። ይቅርታ ጠይቄ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ደረሱብኝ፤ ከረጢቱን ረስቼው ኖሯል።

«ያዝ ልጄ፤ አንተ እንኳ የመጣህበት ይሙላልህ» አሉኝ።

ምሽት፣ ቤት

አንዷን እባጭ በምላጭ ሰነጠቅኋት። ውስጧ ደም መስሏል፤ ሥራ ላይ ያለች ጤነኛ እባጭ እንዲህ ናት። ይህን የመሰለ ናሙና አግኝቼ አላውቅም፤ ደስታው ግን አልመጣልኝም፤ አፈርኩ። ሰው በስህተት ሲያከብረኝ ዝም ብዬ መቀበሌ ስርቆት መሆኑን ዛሬ ተማርኩ። ነገ ጠዋት ለኪዎቹን የላከው ቢሮ ደጃፍ እቆማለሁ፤ ሽማግሌውን ከመንገድ ያነሣኋቸው እኔ ነኝ እላለሁ። ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም። ማን እንደሆንኩ ግን ሳልጠየቅ እናገራለሁ።