እርሳሶቹን የቀባሁት እኔ ነኝ

ባለቤቴ ይህን ሳያውቅ ሞተ። ለነፍስ አባቴም ስንት ጊዜ ንስሐ ስገባ ይህችን አንዷን ዘልዬ አልፌአታለሁ። ቁጣቸውን ፈርቼ አይደለም። «የእናት ፍቅር ነው፣ አትጨነቂ» ብለው እንዳያጽናኑኝ ፈርቼ ነው። መጽናናት አይገባኝም። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ካልጋሪ ከመጣሁ ጀምሮ ሰንሪጅ በሚባል ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ ልብስ እያጠፍኩ እደረድራለሁ። ልጄ ረድኤት ግን እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ አጠናች። የኛን ታሪክ እንዳይመስላችሁ። የስኮትላንድ ሰዎችን ነው፤ ድሮ ከአገራቸው ተነቅለው በመርከብ ወደ ካናዳ የመጡትን።

«ምነው እነሱን መረጥሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«በአንቺ ምክንያት እኮ ነው፣ እማ።»

ልጅ ሳለች ለትምህርት ቤቷም፣ ለቤት አከራያችንም በእንግሊዝኛ የምትጽፍልኝ እሷ ነበረች። እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «እየነገርሽኝ መሃል ላይ ቆም ትያለሽ» አለችኝ። «ልትይ የፈለግሽውን ትተሽ ሌላ ትያለሽ። እነዚያም አገር ቤት የቀሩት እናቶች መጻፍ አይችሉም፤ ለቄስ ወይ ለጎረቤት እየነገሩ ነው የሚያስጽፉት። እኔ የምፈልገው ያስቀሩትን ነው።»

በአገሩ ምሥራቅ በኩል ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የእነዚያን ሰዎች ደብዳቤ ሰብስቦ ያስቀምጣል። ከሌላ ከተማ የሚመጣ ተመራማሪ ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ እንዲያነብ ወጪውን ችሎ ይጋብዛል። ፌሎሺፕ ይሉታል። ረድኤት አመለከተች፤ ተመረጠች።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። እትዬ ብርሃኔ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው መሃል፣ «ስኮቶቹ የገዛ ደብዳቤያቸውን ማንበብ አቃታቸው እንዴ፣ የኛን ልጅ የሚጠሩት?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ፈራሁ። ልጄ ሰው አፍ ገባች፤ የሰው ዓይን አረፈባት።

የምትሄድ ዕለት ሻንጣዋን አብሬ ሳዘጋጅ፣ «ጠበል ልክተትልሽ?» አልኳት።

«እማ፣ ፕሊስ! ደብዳቤዎቹ የሚነበቡበት ሪዲንግ ሩም ውስጥ ውሃ አይገባም።»

«ትንሿን ሥዕልስ?»

«ቦርሳም አይገባም። ፔን እንኳ አይገባም። እርሳስ ብቻ፣ እሱም በሚያሳይ ፕላስቲክ። እጅሽን ታጥበሽ፣ አድርቀሽ ነው የምትገቢው። ሎሽን እንኳ አይፈቀድም።»

«እግዚአብሔርስ ይገባል?»

«እሱን አይዲ አይጠይቁትም» ብላ ሳመችኝና ሻወር ገባች።

እርሳስ ብቻ። ከልጄ ጋር የሚገባው እርሳስ ብቻ ከሆነ፣ የሚጠብቃትም ከእርሳሱ ጋር ይግባ አልኩ። ከገዳም የመጣልኝ ቅብዐ ቅዱስ በትንሽ ጠርሙስ ነበረኝ። እርሳሶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ቀባኋቸው፤ ሕፃን ሳለች ግንባሯን እቀባት እንደነበረው። አልጠረግኳቸውም። በረከቱን መጥረግ መሰለኝ። መልሼ ፕላስቲኩ ውስጥ ከተትኳቸው።

አላወቅኩም ነበር ልበል? «ሎሽን እንኳ አይፈቀድም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሥራዬ ልብስ ነው። ቅባት የነካው ነገር እንዴት እንደሚሆን ለእኔ ነጋሪ ያስፈልገኛል? አውቄ ነው። አውቄ፣ ለእኔ ልጅ ሲሆን ግን እንዲህ አይሆንም ብዬ ነው።

ሥራ በጀመረች ሰሞን ደወለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። አንዲት እናት ካናዳ ላለ ልጇ ያስጻፈችው ደብዳቤ ጠርዝ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህል የቅባት እድፍ ወጥቷል። ከእሷ በፊት አልነበረም። እድፉ ከዚያ ወረቀት መቼም አይለቅም። የክፍሉ ኃላፊ ሳትቆጣ፣ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀቻት። ታጥበሽ ነበር? ሎሽን ተቀብተሽ ነበር? እስኪጣራ ድረስ ወረቀት እንዳትነኪ ብላታለች።

«ታጥቤ ነበር፣ እማ። አይ ስዌር፣ ታጥቤ ነበር።»

ወዲያው ገባኝ። እርሳሶቹን እኔ ቀብቻቸዋለሁ ማለት ነበረብኝ። ይህን ለማለት ስንት ክፍል መማር ያስፈልጋል? እኔ ግን ምን አልኩ?

«ምናልባት ጠዋት ሎሽን ተቀብተሽ ረስተሽው ይሆናል፣ የኔ እናት።»



«ሜይቢ» አለች ቆይታ። ድምጿ ተለወጠ። «ሜይቢ ረስቼው ይሆናል።»

ዘይቱን ከፍርሃት ቀባሁት እንበል። ይህን ንግግር ግን ከየት አመጣሁት? ከሐፍረት ነው። የተማረች ልጄ ፊት ምንም የማታውቅ እናት ሆኜ እንዳልታይ፣ እሷን የገዛ እጇን እንድትጠራጠር አደረግኳት። እኔ አደረግኳት። በማግስቱ ሄዳ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። በእኔ ፈንታ ይቅርታ ጠየቀች። ወረቀቱን ሌላ ሰው እየገለጠላት እንድትቀጥል ፈቅደውላት ነበር። እሷ ግን እንደ ሕፃን ሰው እየገለጠልኝ አላነብም ብላ ተመለሰች።

ዛሬ ኦኮቶክስ በምትባል ከተማ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ስልክ ታነሣለች። ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን ከሳቫና እዚያ ድረስ ትነዳለች። ስትመለስ እጇን ትታጠባለች። ታደርቃለች። ብርሃን ላይ አድርጋ ታየዋለች፤ እንደገና ትታጠባለች። ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። ሎሽን ግን አትነካም። ቆዳ በሚያደርቀው በካልጋሪ ብርድ ሎሽን የማይቀባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየዕለቱ አያለሁ።

በቀደም የድሮ አስተማሪዋ ደወለችላት። ያ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ማመልከቻ እየተቀበለ ነው፤ ያለፈው አልፏል፣ ሞክሪ አለቻት። ረድኤት አመስግና ዘጋችና እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው።

«በዚህ እጅ?» አለችኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

አፌን ከፈትኩ።

«ምነው፣ እማ?»

«እራት ይቅረብ?» አልኩ።

ልትይ የፈለግሽውን ትተሽ ሌላ ትያለሽ ብላኝ አልነበር? ቀና ብላ አየችኝ። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ያንንም ማመካኛ አላደርገውም። ብነግራት እጇን መልሼ እሰጣታለሁ፤ እናቷን ግን እነጥቃታለሁ ብዬ እፈራለሁ። እስከዚያው ቀኑ ይሄዳል፤ ማመልከቻው ይዘጋል። እኔ እራት አቀርባለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬም አልምልም፤ በመሐላዬ ላይ እምነት የለኝም። ይህን ስጽፍ እሷ ታች ናት። የቧንቧው ድምፅ ይሰማኛል። አሁን ቆመ።

እንደገና ተከፈተ።

ረድኤት፣ እጅሽ ንጹሕ ነበር።