ቀብር ላይ የሚስቅ ሥራ ፈላጊ

ሰው መኖሩን የሚያረጋግጥበት መንገድ ብዙ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እነዚያን መንገዶች ለሁለተኛ ደረጃ ጎረምሶች በማስረዳት ነው፤ አንዱም አልገባቸውም፣ እውነቱን ለመናገር ለእኔም በቅጡ አልገባኝም። ዴኦሊንዳ ግን በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ነገሩን በአንድ ቃል ትጨርሰዋለች።

«አለህ?» ትላለች።

«አለሁ» ይላል ቤልሚሮ።

«እዚህ ጋ ፈርም።»

በቃ። ቤልሚሮ እስከሚቀጥለው አሥራ አምስት ቀን ድረስ በፖርቱጋል መንግሥት ፊት አለ። በቀኑ ካልቀረበ ግን የለም፤ ወገቡን አሞት አልጋ ላይ ቢያቃስትም የለም፤ የሥራ አጥ አበሉም አብሮት የለም።

ቤልሚሮ በሱፍ ፋብሪካችን ማቅለሚያ ክፍል ያረጀ ሰው ነው። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ሰማያዊ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ያን ጊዜ ወንዛችን የዕለቱን ቀለም ይዞ ይወርድ ነበር፤ ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ አረንጓዴ፤ ልብስ አጣቢ ሴቶች የፋብሪካውን ትእዛዝ ከሥራ አስኪያጁ ቀድመው ያውቁ ነበር። አንድ ጠዋት ሠራተኛው ሲመጣ በሩን በሰንሰለት ታስሮ አገኘው። ባለቤቱ ሴኞር ሌኦፖልዲኖ «የዓለም ገበያ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ቤታቸው ገብተዋል። ወንዙ ጠራ፣ ዓሣ ተመለሰበት። የከተማው ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ ዓሣውን በጥላቻ ያየው ነበር።

ሥራ አጥ መሆን ቀላል ይመስላል። ቁጭ ያለ ሁሉ ሥራ አጥ የሆነ ይመስላል። አይደለም፤ ሥራ አጥነትም ማመልከቻ አለው። መጀመሪያ ያባረረህ ሰው «አዎ፣ እኔው ነኝ ያባረርኩት» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልግሃል። እሱን ይዘህ ሦስት ወር ሳይሞላ ወደ ትልቁ ከተማ ትወርድና ሥራ ማገናኛ ቢሮ ትመዘገባለህ፤ ከዘገየህ ከአበሉ ይቆረጣል። ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዴኦሊንዳ ዘንድ ትቀርባለህ። የሚመጥንህ ሥራ ተገኝቶልህ እምቢ ካልክ አበሉ ይቋረጣል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሥራ መፈለግህን በማስረጃ ማሳየት አለብህ፤ ማስረጃው የጠየቅከው ቤት ማኅተም ነው።

እስቲ አስቡት። ፋብሪካው በተዘጋ ከተማ፣ የቀረው አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ መድኃኒት ቤት፣ አንድ ፀጉር ቤት፣ ሁለት መጠጥ ቤትና አንድ ሬሳ ሣጥን ቤት በሆነበት አገር፣ ግማሹ ሕዝብ ለግማሹ ሕዝብ ማኅተም ይመታል። ፀጉር አስተካካዩ ማኅተሙን ከመቀሱ ጋር አኖረው። ዳቦ ጋጋሪው «ዳቦ ነው ማኅተም?» ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ሥራ የሚጠይቅም የሚሰጥም አልነበረም፤ ሁሉም ግን በሥራ ተጠምዶ ይውላል። እኔ በዚህ ነገር ብዙ አሰብኩ። ሰው ሥራ ሲያጣ መንግሥት የሚሰጠው ሥራ ፍለጋን ነው፤ እሱም እንደ ማንኛውም ሥራ ያደክማል፣ እንደ ማንኛውም ሥራ ትርጉሙ ይጠፋል።

ቤልሚሮ አዘውትሮ የሚሄደው ሬሳ ሣጥን ቤት ነው። ሣጥን ሸጦ ቀብርም የሚያስፈጽመው ባለቤቱ ኩስቶዲዮ አብሮ አደጉ ነው፤ አብረው ወይን ሰርቀዋል፣ አብረው ተገርፈዋል። በመጀመሪያው ወር ኩስቶዲዮ ከማኅተሙ ሥር «ሥራ የለም» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ወር ለወዳጁ ይኼ ደረቅ መስሎ ታየውና «ለጊዜው የለም» አለ። በሦስተኛው «ጨዋ ሰው ነው» ጨመረበት። ለወዳጅ የሚጻፍ ውሸት እንደ ቡሆ ነው፤ ካላዩት ኩፍ ይላል። ዓመቱ ሲያልቅ ጽሑፉ «እንዲህ ያለ ትጉህ ሰው ቢኖረን ምንኛ በታደልን፤ ሟች ሲበዛ ቅድሚያ ለእሱ ነው» ይል ነበር።

ታዲያ ይህን የሚያነብ ሰው ነበር።

ሥራ ማገናኛ ቢሮው ቤልሚሮን ጠራው። ያነጋገረችው ኖኤሚያ የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት፤ እሱ እንደነገረኝ ፊቷ የቅዱሳን ሥዕል ይመስላል፤ አይስቅም፣ አይቆጣም።

«ሴኞር ቤልሚሮ፣ ሬሳ ሣጥን ቤቱን በጣም ነው የሚወዱት» አለችው።

«ጎረቤቴ ስለሆነ ነው፣ ልጄ።»

«በየወሩ ጠይቀዋል። በየወሩ አመስግኖዎታል። እንዲህ የተዋደደ አሠሪና ሠራተኛ እኔ አላየሁም። እንግዲህ ቢሮአችን ከደመወዝዎ ግማሹን ይከፍልለታል፣ እርስዎም ይቀጠራሉ። ለስድስት ወር።»

«ከስድስት ወር በኋላስ?»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። ችግሩ አይነግረኝም።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ቤልሚሮ ዕድሜው ለጡረታ ተቃርቧል። ሕጉ እንዲህ ነበር፤ አበሉን ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ከወሰደ ጡረታው ቀድሞ ይሰጠዋል። የቀረው አንድ ዓመት ነው። መሃል ላይ ለስድስት ወር ሬሳ ተሸክሞ ቢባረር ግን ያ መንገድ ይዘጋና እንደ ማንኛውም ሰው እስከ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ይጠብቃል። እስከዚያ ምን ይበላል? ወንዙ ላይ ያለውን ዓሣ? እምቢ ቢልም ያው አበሉ ይቆረጣል። ከድጡ ወደ ማጡ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ፣ ቤልሚሮና ኩስቶዲዮ በመጠጥ ቤቱ ተቀመጥን። በመካከላችን ወይራ፣ የበግ አይብና ቀይ ወይን አለ።

«አንተ ነህ ያስጨረስከኝ!» አለ ቤልሚሮ። «ማን ነው ድርሰት ጻፍልኝ ያለህ? ማኅተም ብቻ አይበቃም ነበር?»

«እኔ እኮ ለአንተው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ቀበርከኝ! ያውም ያለ ሣጥን!»

«አልፈልገውም እላታለሁ፣ አለቀ» አለ ኩስቶዲዮ።

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ዓመት ሙሉ ያሞገስከውን ሰው ያለ ምክንያት አልፈልግም ካልክ ማኅተሞችህ ሁሉ የውሸት ነበሩ ማለት ነው። ያኔ አንተ ትቀጣለህ፣ እሱም አበሉን ያጣል። ምክንያት ያስፈልጋል።»

ኩስቶዲዮ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ሳቅህስ?» አለ።

የቤልሚሮ ሳቅ በከተማችን የታወቀ ነው። ቀብር ላይ ይስቃል። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የቤልሚሮ ጥርስ ግን ከባዳም ባዳ ነው። በአጎቱ ቀብር ሲስቅ ኀዘን ናላውን አዞረው ተባለ። በአማቱ ቀብር ሲስቅ ሁሉም ምክንያቱን ተረዳለት። በእናቱ ቀብር ሲስቅ ግን ቄሱ በክርኑ ደቁሶ ከቤተ ክርስቲያን አስወጣው፤ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰም። ሳቁ ደስታ አይደለም። ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ሞት ሲቀርብ የሁላችንም ሰውነት አንድ ነገር ያደርጋል፣ የእሱ ይህን ያደርጋል።

«አንድ ቀን ልሞክረው እላታለሁ» አለ ኩስቶዲዮ። «እሷም ትምጣ። ዘመድ የሌለው አንድ ሽማግሌ ሲሞት ትስቃለህ፣ እኔ አዝናለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ማንም አይጎዳም።»

ኖኤሚያም ተስማማች፤ እንዲያውም አሠራሩ ይፈቅዳል አለች። ይህ ሳምንት ሳያልቅ ፋይሉ መዘጋት እንዳለበት ግን አስጠነቀቀች። እኛም ዘመድ የሌለው ሽማግሌ እስኪሞት መጠበቅ ጀመርን። ኃጢአት መሆኑ ይገባኛል። ቤልሚሮ በመንገድ ሲያልፍ የጡረተኞች ማረፊያ ደጃፍ ላይ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ሲመዝናቸው አይቼዋለሁ።

ረቡዕ ዕለት የሞቱት ግን የፋብሪካው ባለቤት ሴኞር ሌኦፖልዲኖ ናቸው።

ኩስቶዲዮ እኔ ቤት እየሮጠ መጣ፤ ቤልሚሮ ከእኔ ጋር ነበር።

«በዚህኛው አትስቅም!» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «እግርህ ላይ እወድቃለሁ፣ በዚህኛው አትስቅም። ጳጳሱ ይመጣሉ። ከንቲባው ይመጣል። እንዲህ ያለ ቀብር በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው የሚያጋጥመኝ።»

«እሷ ሳምንቱ ሳያልቅ ብላለች። ሌላ ሟች አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እስቃለሁ። ደግሞ በማን ላይ! በሩን በሰንሰለት በቆለፈብኝ ሰው ላይ! ባልስቅ ነው ኃጢአት የሚሆንብኝ።»

ኩስቶዲዮ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ ያዞር ጀመር። በሕይወቱ ሙሉ የሌላውን ሰው ኀዘን ሲያሳምር የኖረ ነው፤ የራሱን ማሳመር አልቻለበትም። ቤልሚሮ አየው፣ አየው፣ ከዚያ ተራገመ።

«እሺ። አፌን እሰፋለሁ። አበሉም ገደል ይግባ፣ ጡረታውም ገደል ይግባ። ቅርንፉድ ስጠኝ።»

«ቅርንፉድ ምን ያደርግልሃል?»

«እነክሰዋለሁ። ጥርስ ሥራ ሲያገኝ አይስቅም።»

በቀብሩ ዕለት ጠዋት ብርዱ ከተራራው ይወርድ ነበር። መቃብሩ ዙሪያ የቆሙት አብዛኞቹ የቀድሞ ሠራተኞች ናቸው፤ ለማዘን ነው የመጡት ማለት ይከብዳል፤ ይልቅ ለማረጋገጥ ነው። ኖኤሚያ ከኋላ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች። ቤልሚሮ የኩስቶዲዮን ጥቁር ኮት ለብሶ ከአራቱ ገመድ ያዦች አንዱ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጨዋ ተሸካሚ አላየሁም። ፊቱ ድንጋይ ነው። ቅርንፉዱን ሲያኝክ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ጸሎት የሚያደርስ ይመስል ነበር። ኩስቶዲዮ ከጎኑ ሆኖ በእፎይታ ያየዋል፤ እኔ ደግሞ በኀዘን፤ ያ ጨዋነት ለዓመታት ከምግቡ እየተቆረጠ የሚከፈል መሆኑን አውቃለሁ።

ሣጥኑ በገመድ መውረድ ሲጀምር ጳጳሱ ንግግር አደረጉ። ደግ አባት፣ አሉ። ለብዙዎች ዳቦ የሰጡ፣ አሉ። የሠራተኛው መስመር ላይ አንድ ሳል ተሰማ። ቤልሚሮ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጳጳሱ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡና «እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ሠራተኞቻቸውን ያልዘነጉ!» አሉ።

ቤልሚሮ ቅርንፉዱን ተፋው።

«እውነት ነው አባታችን!» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ይኸው ዛሬ እንኳ ለእኔ ሥራ ሰጡኝ!»

ከዚያ ሳቀ። ከሆዱ፣ ከወገቡ፣ ከጉልበቱ ሳቀ። የያዘው ገመድ ላላና ሣጥኑ በአንድ ጎኑ ዘመመ፤ ሴኞር ሌኦፖልዲኖ በጭንቅላታቸው ቀድመው ወደ ጉድጓዱ ገሰገሱ፣ ኩስቶዲዮ ዘሎ ባይዘው ኖሮ ቆመው ይቀበሩ ነበር። በመስመሩ ላይ መጀመሪያ አንዲት ፈታይ ሳቀች፣ ቀጥሎ መካኒኩ፣ ቀጥሎ መላው የሱፍ ፋብሪካ። የሟቹ ሚስት ዶና ግራሲንዳ በጥቁር ዓይነ ርግባቸው ሥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰው ሁሉ ለቅሶ መስሎት ደገፋቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ለቅሶ አልነበረም።

ኩስቶዲዮ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ከጉድጓዱ አፍ ተነሣ።

«አንተን?» አለ፣ ጳጳሱ እየሰሙ። «አንተን ሬሳ ለመሸከም አይደለም፣ ሬሳ ሆነህ ብትመጣ እንኳ አልቀበልህም! ውጣ ከዚህ!»

ኖኤሚያ ቀስ ብላ ቀረበች። ፊቷ እንደ ወትሮው የቅዱሳን ሥዕል ነው፤ ግን የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳው ነበር።

«አሠሪው፣ ሰውዬው ለሥራው አይመጥንም ይላሉ ማለት ነው?» አለች።

«አይመጥንም! አይመጥንም! የት ነው የምመታው?»

እዚያው በመቃብር ድንጋይ ላይ አስደግፎ ማኅተሙን መታ። በዚያ ዓመት ከመታቸው ማኅተሞች ሁሉ እውነት የነበረው ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ኩስቶዲዮ ለብዙ ቀናት አላናገረውም። ቤልሚሮ በቀኑ ዴኦሊንዳ ዘንድ ቀረበ፤ አለህ፣ አለሁ፣ ፈርም። ዳቦ ቤትና ፀጉር ቤት ማኅተም አስመታ፤ በሬሳ ሣጥን ቤቱ ፊት ሲያልፍ ግን አንገቱን ይደፋ ነበር። አንድ እሑድ በመጠጥ ቤቱ ተቀምጠን ሳለ ኩስቶዲዮ ገባ፤ ወይን አዘዘ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ጠጣ። ብርጭቆውን ባዶ ካደረገ በኋላ ወደ ግድግዳው እያየ ተናገረ።

«የሚቀጥለው ወር ማኅተም ጊዜው ደርሷል መሰለኝ።»

«ደርሷል» አለ ቤልሚሮ።

«በጓሮ በር ና። ዶና ግራሲንዳ ከፊት ለፊት ነው የሚኖሩት።» ባርኔጣውን አደረገ፣ በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «ምስጋና ግን አልጽፍልህም።»

«አደራህን» አለ ቤልሚሮ።