የአክስቴ መርዶ

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ወር፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ካሮልተን ውስጥ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ነው። ሰሞኑን ያስታወሰኝ ፕሌኖ ያለው መሥሪያ ቤቴ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የአጎቷን መሞት በስልክ መልእክት አነበበች፤ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችና ወደ ስብሰባ ገባች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልያዘልኝም።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ ጋርላንድ ውስጥ ከአክስቴ ከእትዬ ዘነቡ ጋር እኖር ነበር። ባሏ ሻምበል ሙሉጌታ የአየር ኃይል ሰው ነበር። እኔ ሳልወለድ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ እሱና ሦስት ጓደኞቹ በቅኝት አውሮፕላን ቀይ ባሕር ላይ እንደወጡ አልተመለሱም። “ጠፍተዋል” ተባለ። አክስቴም ቃሉን እንደተነገራት ያዘችው። ጥቁር አልለበሰችም፤ ልቅሶ አልተቀመጠችም። ስለ እሱ ስታወራ “ሙሉጌታ ቅቤ የበዛበት ነገር አይወድም” ነበር የምትለው። ቤተሰቡም መጠበቋን ስለሚያውቅ በእሷ ፊት “ነፍስ ይማር” የሚል አልነበረም።

አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍን ምክንያቷን ነገረችኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ የጎማ ጀልባ ነበረች፤ ገመዷ ሲሳብ ራሷ የምትነፋ። “ጀልባዋ ላይ ከወጡ ነፋሱ ወደ የመን ይወስዳቸዋል። ከዚያ እስር ቤት ነው፤ ከእስር ቤት ደግሞ ሰው ይወጣል” አለችኝ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ እንደሚቆጥር ሰው። እኔም አመንኳት።

በዚያ ቅዳሜ ሙቀቱ አስፋልቱን ሊያቀልጠው ደርሶ ነበር። ወንዶቹ ጋራዡ ውስጥ ትልቅ ቬንትሌተር ከፍተው ቢራ ይጠጣሉ። እኔ እንደ ልማዴ፣ ሰው እንዳያናግረኝ፣ ከአክስቴ ጎን ተጠግቼ ክትፎዬን በአይብ እበላለሁ። አንድ ሸበቶ ሰው ከጋራዡ ብቅ አሉ። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ ድሮ አየር ኃይል የነበሩ፣ ፎርት ወርዝ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ገና ወር ያልሞላቸው። አክስቴን ሲያዩ ቆመው ቀሩ።

“ዘነቡ! አንቺ ነሽ?”

“ደምሴ! ኧረ ጨርሰህ ሸበትክ እኮ!” አክስቴ ሳህኗን እንደያዘች ሳቀች።

እኛ ዘንድ ለልቅሶ ያልደረሰ ሰው፣ ስንት ዓመት ቢያልፍ፣ ባገኘ ቀን ማጽናናት አለበት፤ ዝም ካለ ነውር ነው። ጋሽ ደምሴም ወጉን አደረሱ።

“ያኔ ሳልደርስልሽ ቀረሁ፤ ወዲያው ሌላ ግንባር ላኩን። እግዜር ያጥናሽ። የሙሉጌታን ነፍስ ይማርልን።”

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። “ምን ትላለህ አንተ? ሙሉጌታ እኮ ጠፋ ነው የተባለው።”

ጋሽ ደምሴ ዙሪያቸውን አዩ። ማንም አላዳናቸውም። “በማግስቱ ልፈልጋቸው የበረርኩት እኔ ነኝ” አሉ ቀስ ብለው። “ሽማግሌ ተልኳል፣ ተነግሯታል ብለውን…”

“ጀልባዋስ?”

“አገኘናት።”

“ባዶዋን?”

“ሳትነፋ። እንደተጠቀለለች፣ ከአውሮፕላኑ የፈሰሰው ዘይት መሃል ትንሳፈፍ ነበር።”

“ሳትነፋ” አለች አክስቴ። ሳህኑን ከእጇ ተቀበልኳት። አላለቀሰችም። ሕፃኑን ሳመች፣ እናቱን “እንኳን ማርያም ማረችሽ” አለቻትና ወደ መኪናው ሄደች።

መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ።

“እትዬ…”

“አልሰማሁም” አለች መንገዱን እያየች።

“ምኑን?”

“መርዶ እንዲህ አይነገርም። ክትፎ ይዤ፣ ቀይ ቀሚስ ለብሼ፣ በሰው ልጅ ክርስትና! በጠዋት ነው የሚነገረው፣ ሰው ተሰብስቦ።”

“ሶ… ምን ላድርግ?”

“እኔ ምን አውቅልሻለሁ? የተማርሽው አንቺ ነሽ።”

ቤት ስንደርስ ክፍሏን ዘጋች። እኔ ፒዛ ለማዘዝ እንኳ የምለውን አስቀድሜ የማጠና ልጅ ነበርኩ። መኪናው ውስጥ ተመልሼ ተቀመጥኩና የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿን፣ አብረዋት የሚሠሩትን ሴቶች፣ ጋሽ ደምሴንም፣ አንድ በአንድ ኮል አደረግኩ።

ዛሬ ሳስበው፣ ከጀልባዋም በላይ የሚያስደነግጠኝ ያ “ተነግሯታል” የሚለው ቃል ነው። የሚያውቁት ሁሉ ሌላው ነግሯታል ብለው ተበተኑ፤ እሷ ደግሞ ወጣትነቷን በሙሉ እስር ቤት በር ላይ እንደቆመች ጨረሰችው።

እሑድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላ የለበሱ ሴቶች የአፓርታማችን ደረጃ ላይ ተሰበሰቡ፤ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጡም ነበሩ። መናገር የነበረባቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ወደ እኔ ዞሩና “አንቺ ንገሪያት” አሉኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ የገዛ በራችንን አንኳኳሁ።

አክስቴ በሌሊት ልብሷ ከፈተች። ሁላችንንም አየችን።

“ምነው በማለዳ?” አለች፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው። “ደህና አይደላችሁም እንዴ?”

“ጋሼ ሙሉጌታ ሞተዋል” አልኳት። “ያን ዕለት፣ ባሕር ላይ፣ ከነጓደኞቻቸው።”

ያኔ ጮኸች። ወለሉ ላይ ሳትወድቅ ያዝኳት።