የእህቴ ልጅ ዓይኖች

አባቴ የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ማስተማሩን ቤት ውስጥ ቀጠለው፤ ተማሪዎቹ እኛ ሦስት ልጆቹ ነበርን። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ የተማረውን ይዞ ስለቀረ፣ «ፈጣሪ የሚባል የለም፤ ሁሉም በተፈጥሮ ሕግ የመጣ ነው» ይላል። እናም ላፍቶ ያለው ቤታችን ከእራት በኋላ ክርክር አያጣም ነበር።

የአባቴ ማስረጃ ዓይን ነው።

«ብሌኑ ብርሃን ሲበዛ ይጠባል፣ ሲያንስ ይሰፋል። ሽፋሽፍቱ አቧራ ይመልሳል፤ እንባው ያጥባል። ይኼ ሁሉ እንዲያው በአጋጣሚ ገጠመ ትለኛለህ? እስቲ ሠሪ የሌለው ዕቃ አሳየኝ!»

ወንድሜ ይስቃል። እኔና እህቴ ግን ለአባቴ እናደላ ነበር፤ ሲናገር ደስ ይላል።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ጊዜ ባሏ ክፍለ ሀገር ይሠራ ስለነበር እኛ ጋ መጥታ ታረሰች። ልጅቷ ጸጉራም፣ ጡት የማትጠግብ፣ ቆንጆ ነበረች። ክርስትና ከተነሣች በኋላ ግን እህቴ አንድ ነገር አስተዋለች። ፊቷ ላይ ብታጎነብስባት፣ ቀይ መሐረብ ብታወዛውዝላት፣ የልጅቷ ዓይን አይከተልም። ድምፅ ስትሰማ ብቻ ትዞራለች።

ሆስፒታል ሁላችንም ሄድን። ሐኪሙ በባትሪ ደጋግሞ አያትና፣ «ከዓይኗ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ገና ማኅፀን ውስጥ ሳለች በደንብ አልተሠራም። ቀዶ ሕክምናም መነጽርም አይረዳትም» አለን።

ቤት ስንደርስ እህቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ልጇን እንደታቀፈች አባቴ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ የኔን ልጅስ ማን ሠራት?»

አባቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥቶ ማጠፍ ጀመረ። ወንድሜ አሁን ይናገራል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን አቀርቅሮ የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ኋላ ተነሣና ልጅቷን ከእህቴ ተቀብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

ሀና ማርያም ጠበል ወሰድናት። እህቴ ጾመች፣ ተሳለች፣ አለቀሰች። የተለወጠ ነገር የለም። አባቴ ቤተ ክርስቲያን መሳም አልተወም፤ ክርክሩን ግን እርግፍ አድርጎ ተወው። አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኩት።

«አሁንም ዓይን ሠሪ አለው ትላለህ?»

«አላውቅም ልጄ» አለኝ። «ከሌለ ለማን አቤት እላለሁ? ካለ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጠይቀው ጠፍቶኛል።»

ልጅቷ መራመድ ስትጀምር በርጩማውንም ጠረጴዛውንም ከመንገዷ አነሣን። አንድ ጠዋት ግን የበሩ ደፍ አደናቀፋትና ግንባሯ ተፈነከተ። እህቴ ደሙን ስትጠርግ አባቴ አጠገባቸው ተንበርክኮ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላል፤ ለልጅቷ ይሁን ለእህቴ አልለየሁም። እኔ ውሃ ይዤ ቆሜያለሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።