ደጋግሜ የጠራሁት ስም

ሞላሌ ላይ የትምህርት ቤት ዲሬክተር በነበርኩበት ዘመን የእኔ ሥልጣን ከጠመኔ ሣጥኑ አያልፍም ነበር፤ ሣጥኑም ባዶ ነበር። የተሰበረ መስኮት ለማስጠገን ለአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እጽፋለሁ፣ መልስ እጠብቃለሁ፣ መልሱ እስኪመጣ መስኮቱን በጆንያ እወትፋለሁ። በታኅሣሥ ውርጭ የሩቅ መንደር ልጆች በርኖስ ተከናንበው ሲመጡ ጣታቸው እርሳስ መያዝ ያቅተዋል። ትምህርቱ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ይጀመር ብዬ ለመንኩ። ሰዓቱ ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው ተባልኩ። እኔም እየተነጫነጭኩ በሰዓቱ ማስደወሌን ቀጠልኩ።

አንድ መስከረም ከወንዙ ማዶ የሚኖር ቀጥቃጭ ሴት ልጁን ይዞ መጣ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። የአገሩ ሰው በእሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእሷ ድስት ወጥ ይሠራል፤ ዓይናቸው እህሉ ላይ እንዲያርፍ ግን አይወድም፣ ቡዳ ናቸው ይላል። እኔ ልጅቱን መዘገብኳት። መመዝገብ ሥራዬ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ጀግንነት አልነበረበትም።

አንዴ የነገሯት የማይጠፋት ልጅ ነበረች። ስታድግ ምን መሆን እንደምትፈልግ ስጠይቃት እንደ ክሊኒኩ ሰውዬ ድሬሰር መሆን ነው አለችኝ፤ በሽተኛ ማዳን። ድምጿ ግን አይሰማም። ስም ስጠራ «አቤት» የምትለው ለራሷ ያህል ስለሆነ ሁልጊዜ ደግሜ እጠራታለሁ፤ አንዳንዴም እሰልሳለሁ። አግዳሚው ላይ ከጎኗ የሚቀመጥ አልተገኘም። በምሳ ሰዓት ልጆቹ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ ስንቃቸውን በበርኖሳቸው ሸፍነው ይጎርሳሉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ሳይበሉ ይውሉ ጀመር።

ሽማግሌዎች መጡ። ታላቅየው በትሕትና ነው የተናገሩት።

«ጌታው፣ እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም። ልጅቱንም አልጠላናት። ልጆቻችን ግን ዓይኗን ፈርተው በረኃብ መዋላቸው ነው። ወይ እሷን ያሰናብቱልን፣ አለዚያ እኛ የእኛን እናስቀራለን።»

ክፉ አለመሆናቸው ነው ያደከመኝ። ክፉ ቢሆኑ እቆጣ ነበር። በበቅሎ ወደ አውራጃው ወጣሁና ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነገሩን አስረዳሁ፤ ልጅቱ የመማር መብት አላት የሚል አንድ ትእዛዝ ብቻ እንዲሰጡኝ ለመንኩ። ሰውዬው ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «ይህን እንኳ አንተው እንዳየህ አድርገው፤ ዲሬክተሩ አንተ አይደለህ?» አሉኝ።

በመንገዴ ሁሉ ብቻዬን ሳቅኩ፤ የምሬት ሳቅ ነው። ጠመኔ ያላመኑኝ ሰዎች የአንዲት ልጅ ዕድል እንዳለ አስረከቡኝ። ቢበላሽ የእኔ ነው፣ ቢሳካ የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ እንዳየሁ አደረግኩ። በምሳ ሰዓት ወንበሬን ግቢው መካከል አስወጣሁና አጠገቧ ተቀምጬ «ከስንቅሽ አካፍዪኝ» አልኳት። ደነገጠች። ከዚያ የበሶ ጭብጦዋን ለሁለት ገምሳ ትልቁን ሰጠችኝ፤ ልጆቹ ሁሉ እያዩ በላሁ። በሚቀጥለው ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ እንዲሁ። የመጀመሪያ ሰሞን እስክወድቅ ጠበቁኝ መሰለኝ። ሳልወድቅ ስቀር አንዲት የባለሱቅ ልጅ አግዳሚው ላይ ከጎኗ መጥታ ተቀመጠች። ቀስ በቀስ በርኖሱ ከስንቁ ላይ ተነሣ። ደስ አለኝ፤ በዚያ ሥራ ላይ ከልቤ ደስ ያለኝ ያን ሰሞን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ተስቦ ያዘኝ። ተስቦ በየቤቱ ነበር፤ ቅማል የሚያመጣው መሆኑን ድሬሰሩ ለሁሉም ተናግሯል። እኔ ራሴን ስቼ ስለነበር የሆነውን የነገሩኝ ያከራዩኝ አሮጊት ናቸው። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ፌጦ አሽትተውኝ፣ በጭስ አፍነውኝ፣ በአገሩ ደንብ «ማነው የበላህ? ተናገር!» ብለው ጠየቁኝ። ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል፣ የበላውንም በስሙ ይጠራል።

እኔም ጠራሁ። በትኩሳቱ ውስጥ የክፍሉን ስም እየጠራሁ ኖሯል። የሌሎቹን አንዳንድ ጊዜ ብዬ አልፋለሁ፤ እሷ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ እደግማለሁ፣ እሰልሳለሁ፣ መልስ ስለማይሰማኝ እጮኻለሁ። ቤት የሞላው ሰው ሰማ። አሮጊቷ ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው ይወርድ ነበር። «እግዜር አወጣህ ልጄ፣ ስሟን ባትጠራ አልቆልህ ነበር» አሉኝ። ድሬሰሩ መርፌ ወግቶኝ እንደዳንኩ የሚያስታውስ አልነበረም።

መቆም ስችል ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ቦታዋ ባዶ ነው። በትር ተደግፌ ወንዙን ተሻገርኩ። አባቷ ወናፉን ትቶ ተነሣና በሩ ላይ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ያደረጉልንን እግዜር ይክፈልዎ። አሁን ግን ይተዉን። እርስዎ ሞተው ቢሆን ይሄ ቤት አይቆምም ነበር።»

አልተቆጣም። እኔን ያህል ደክሞት ነበር። አንዴ ብቻ ላነጋግራት ብዬ ለመንኩት። ከጓዳ ወጣች፤ ራቅ ብላ ቆመች፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ መሬት መሬት ታያለች። ዓይኗ እንዳያርፍብኝ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ሳላውቅ ነው የበላሁዎት።»

አገሩ ቢያምን አንድ ነገር ነው፤ እሷ አምናለች። ተስቦ ነው አልኳት፣ ቅማል ነው፣ አንቺ ድሬሰር ልትሆኚ አይደል፣ ይህ እንዴት ይጠፋሻል አልኳት።

«ታዲያ ለምን ስሜን ጠሩ?»

«ስም መጥራቴ ነበር፤ እንደ ክፍል። ድምፅሽ ስለማይሰማኝ ነው የምደጋግመው።»

«ክፍል ውስጥም እኮ እመልስ ነበር» አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ስሟን ጠራሁ። መልስ አልሰማሁም። እንደ ልማዴ ደግሜ ልጠራት አፌን ከፈትኩና፣ ከወንዙ ባሻገር በመንደሩ በኩል ቆመው የሚያዩንን ሰዎች አይቼ ዝም አልኩ።