ወደ ጉና ወጥተን ጠበል ደረስን

ትናንት ረፋድ ላይ የበቅሎዬን ልጓም ይዤ፣ ባዶ ኮርቻዋን እያየሁ ጉና ዳገት ላይ ተገትሬ ቀረሁ... ኮርቻው ላይ የነበረችውን ሴት ሰዎች ተሸክመዋት ሄደዋል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ደብረ ታቦር ገመድ፣ ሸራና የበቅሎ ዕቃ እሸጣለሁ፤ በቅሎም አከራያለሁ። ሰሞኑን ከባሕር ዳር የመጣ አሠልጣኝ፣ እንግዳ ወደ ተራራ የሚያወጡ አስጎብኚ ልጆቻችንን ሲያሠለጥን ነበር። ትምህርቱ ማየት የማይችለውን፣ መራመድ የማይችለውን ሰው እንዴት አብሮ ማውጣት ይቻላል የሚል ነው። ደግ ነገር ነው አልኩና መደገፊያና ቀበቶ ያለው ኮርቻ አሠርቼ አከራየኋቸው።

ትናንት ፈተናው ነበር። አሠልጣኙ ቀድሞ ወጥቶ ጫፉ ላይ ይጠብቃል፤ ደሴ የሚባለው አስጎብኚና ጓደኛው ደግሞ የሺን ይዘው ይደርሳሉ። የሺ ከሱቄ ፊት ለፊት ልብስ ሰፊ ናት። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዟትም፤ የስፌት መኪናዋን የምታዞረው በእጇ ነው። ለፈተናው እንግዳ ሁኚልን ሲሏት ሳታቅማማ እሺ አለች።

«ከስፌቴ ቀና ባልኩ ቁጥር የሚታየኝ ጉና ነው» አለችኝ። «አንድ ቀን እንኳ እዚያ ላይ ሆኜ ደብረ ታቦርን ልያት።»

በቅሎዬን ለሰው ስለማላምን እኔም አብሬ ወጣሁ። እሷን ከዋዜማው ራሴ ነድቼ ዳገቱ ሥር አሳድሬያት ነበር። ጠዋት ሚኒባሱ ካወረደን በኋላ መንገድ ዳር ዳቦ በሻይ ቀመስን። ደሴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ስኳር ይጨመርላት?» ይለኛል።

የሺ ቀደመችኝ። «የማይሠራው እግሬ ነው ደሴ፣ አፌ ደህና ነው!»

ሳቅን። እሱም አፍሮ ሳቀ... ደህና ጅምር ነው አልኩ በልቤ።

ዳገቱን እኩሌታ ያህል እንደወጣን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጫፉ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ጠበል ይወርዳል። ዕለቱ የወሩ ሚካኤል ስለነበር የጠበሉ መንገድ ሰው በሰው ሆኗል። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ የሺ በቀበቶ ከኮርቻው ጋር ታስራ ሲያዩ ቆሙ።

«ይማርሽ ልጄ! ለጠበል ነው?»

«አይደለም አባቴ፣ ተራራው ላይ ልወጣ ነው» አለች።

ሽማግሌው ወደ ደሴ ዞሩ። «ጉና ላይ ከብርድ በቀር ምን አለ? መንገድ ስታችኋል እናንተ ልጆች፤ ጠበሉ በዚህ ነው... አምጧት እንጂ!»

ደሴ ባርኔጣውን አወለቀ። «እሺ አባቴ» አለ። በቃ። ቀበቶውን ልክ እንደተማረው፣ አንድም ሳይሳሳት ቀስ ብሎ ፈታና አስረከባቸው።

አራት ገበሬዎች በጋቢ አቅፈው ብድግ አደረጓት። ክፋት የለባቸውም፤ አንደኛው እንዲያውም እንባው ይወርድ ነበር።

«አልፈልግም! አውርዱኝ!» ብላ ጮኸች።

ነገሩ የባሰው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ጠበል ደጅ የሚጮህ ሰው፣ የሚጮኸው እሱ ሳይሆን የያዘው መንፈስ ነው ይባላል።

«ለፈለፈ! ጠበሉ ሳይነካው ለፈለፈ!» አለች አንዲት ሴት፤ እልልታው ቀለጠ። የሺ በጮኸች ቁጥር አጥብቀው ያዟት። በተወራጨች ቁጥር እርምጃቸው ፈጠነ።

የደሴን ክንድ ያዝኩት። «ምን ነካህ? አስቁማቸው እንጂ!»

«ጋሼ... ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል? ደግሞስ ቢምራትስ?»

በቅሎዋን ለጓደኛው ትቼ ተከተልኳቸው። ስደርስ የሺ ዝም ብላለች። መጮኋ እንደማያስጥላት ገብቷታል። እነሱ ደግሞ ዝም ስትል «ተወት አደረጋት፣ ተመስገን» ይላሉ። ከትከሻቸው መሀል ዓይኗ ሰው ሲፈልግ አየሁ። ነጠላዋን ገፈው፣ በዚያ ብርድ፣ ወደ ውሃው ሊያስገቧት ነው።

እኔ ገበያ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሰው ሲጯጯህ ጭንቅላቴ ይቀዘቅዛል። ስለ ፈቃድ ብከራከር ሰሚ እንደማላገኝ ገመትኩ። ሽማግሌውን ጠጋ ብዬ በቀስታ፣ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ልጅቱ እህል ቀምሳለች። ጠዋት ዳቦ በልታ ነው የወጣችው» አልኳቸው።

ሁሉም ባለበት ቆመ።

«ታዲያ ምነው ቀድመህ አትናገርም!» ተቆጡኝ። «እህል ቀምሶ ጠበል ይገባል? በሉ አውርዷት፣ አውርዷት!»

ሣሩ ላይ አስቀመጧት። ነጠላዋን መልሰው አለበሷት፣ ሽማግሌውም መርቀዋት ሄዱ።

በቅሎዋ ላይ መልሰን እስክናወጣት ጉና በደመና ተሸፍኗል። አሠልጣኙ ስልክ ደውሎ ዝናብ ሳይመጣ ተመለሱ አለ። «ትንሽ ዘገየን እንጂ ሁሉም ሰላም ነው» አለው ደሴ። የሺ አጠገቡ ሆና ትሰማለች።

ሚኒባሱ ደብረ ታቦር ሊገባ ሲል ነው የተናገረችው።

«ጋሼ፣ አንቱም እኮ ‹አልፈለገችም› አላሉም።»

«ብል ይሰሙኝ ነበር?»

«አላውቅም... አልሞከሩትማ።»

ዛሬ ጠዋት ደሴ ሱቄ መጥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ የሺ ተቀይማለች እንዴ?» አለኝ።

«ያቻትልህ፣ ለምን ራሷን አትጠይቃትም?»

ወደ እሷ አየት አድርጎ አቀርቅሮ ሄደ። እኔም አየሁ። የስፌት መኪናዋን አዙራዋለች፤ ጀርባዋን ለጉና፣ ፊቷን ለግድግዳው ሰጥታ ትሰፋለች።

የጮኸችው እሷ ናት... ያስጣላት ግን የበላችው ዳቦ ነው።